አንድ ተኩል ዙር ሞላ

እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ልጇ እንደ ወትሮው የመኪናውን በር ከፍቶ ሲጠብቃት፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና «ልጄ፣ ዛሬ እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። አንተ ግባና ተኛ» አለችው። አልተቆጣችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። የሐበሻ እናት ስትቆጣ ቀላል ነው፤ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ያልፋል። «ግድ የለም» ስትል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ልጁ መንገዱን ታጥፋ እስክትሰወር ድረስ ቆሞ አያት። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «በመኪናዬ አፈረች» የሚል ነበር። ወዲያው ደግሞ ትናንት ድልድዩ ላይ ስትደርስ በአንድ እጇ ወንበሩን፣ በሌላው ወገቧን ይዛ እንደነበር ትዝ አለው። ያን ጊዜ አይቶ እንዳላየ አልፎት ነበር።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እዚያው አድጓል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ይወጣና እናቱን ወደ ሥራዋ ያደርሳል። እሷ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ፣ ናሽናል ሃርበር አካባቢ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ከቤታቸው እዚያ ለመድረስ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ማቋረጥ ግድ ነው። ድልድይ ደግሞ እንደ ሌላው መንገድ አንድ ወጥ አይደለም። ብረቱና ኮንክሪቱ በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲኮማተር እንዳይሰነጠቅ በየቦታው መገጣጠሚያ አለው። ደህና መኪና ያንን መገጣጠሚያ «ዱብ» ብሎ ያልፈዋል። የእሱ መኪና ግን ከአንድ ሳምንት ወዲህ እየነጠረ ነበር የሚያልፈው።

መኪናዋ የ1995 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ አሜሪካኖቹ «ሚያታ» የሚሏት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ስትታይ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ የሆነ ቀላል መኪና ነበረች። ፈጣን ሞተር የላትም። የሚወዷት በመታጠፏ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ላይና ታች ባሉ ሁለት ሁለት ክንዶች፣ በእኛ መካኒኮች ቋንቋ ብራቾ፣ የተያዙ ናቸው። እንዲህ ያለው አሠራር በብዛት የሚገኘው በውድ መኪኖች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች። ለዚህም ነው የድሮዎቹ ዛሬም ሠርቶ አደር ወጣት ሊገዛቸው በሚችል ዋጋ የሚገኙት፤ መለዋወጫቸውም የማይጠፋው።

ልጁ ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ነው የገዛት። እናቱ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» ብላ ስቃለች። ሌላው ሰው እሷ ነበረች። ሁለተኛው ወንበር ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያበሳጨው ነበር። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ሚያታ ከጎማዋና ከፓራፋንጎዋ መካከል ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት አላት። ከጎን ሲያዩዋት በጫፍ እግሯ የቆመች ትመስላለች። ጓደኞቹ የሚነዷቸው መኪኖች ወደ መሬት ጠጋ ያሉ ናቸው። እሱም 600 ዶላር መደበ። «በዚህ ብር ዝቅ አደርጋታለሁ» አለ።

ይህን ፍላጎት የወጣት እብሪት ብቻ አድርጎ ማየት ተገቢ አይሆንም። መኪና ዝቅ ሲል የክብደቱ ማዕከል አብሮ ይወርዳል። በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጪኞቹ የሚዛወረው ጭነት የሚወሰነው በዚህ ማዕከል ከፍታና በጎማዎቹ መካከል ባለው ስፋት ነው። ከፍታው ለምሳሌ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና 3 ሴንቲ ሜትር ቢቀነስ፣ የሚዛወረው ጭነት ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት ያህል ይቀንሳል። ብዙ አይደለም፤ ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። በልኩ ዝቅ ያለች መኪና መልኳም አያያዟም ይሻሻላል። ጥያቄው በምን መንገድ ዝቅ አለች የሚለው ነው።

እሱ የመረጠው መንገድ በጣም ርካሹን ነው። ግራይንደር ከጓደኛው ተዋሰ። መቁረጫ ዲስክ በ12 ዶላር ገዛ። አንድ እሑድ ከሰዓት አራቱንም ሞላዎች አወጣ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ተኩል ዙር ቆረጠ፤ መልሶ ገጠማቸው። ሲጨርስ መኪናዋ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዳ ነበር። ክፍተቱ ጠፋ። ኪሱ ውስጥ 588 ዶላር ቀረ። ፎቶ አነሳት፣ ለጓደኞቹ ላከ፤ የተሰጠውን አድናቆት እያነበበ ወደ ሌሊት ሥራው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እናቱ ገባች።

*

እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእነሱ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ይኖራሉ። ልጁ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ዕድሜያቸውን በመኪና ሆድ ሥር ያሳለፉ መካኒክ ነበሩ። እናቱ በአውቶቡስ በሄደችበት ቀን ልጁ መተኛት አቃተውና በራቸውን አንኳኳ።

ጋሼ ወርደው መኪናዋን አዩ። ወዲያው ምንም አልተናገሩም። ኮፈኑን አላስከፈቱም። ፊት ለፊት ያለውን ጎማ በክሪክ አስነሡትና እጃቸውን አስገብተው ሞላውን ያዙት። ሞላው በእጃቸው ዞረ። መቀመጫው ላይ ተንቀጫቀጨ።

«ይኼ ሞላ የማን ነው?» አሉ።

«የራሷ ነው ጋሼ። ትንሽ ቆረጥኩት።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አንድ ተኩል ዙር።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እኛ አገር ሰው ጋራዥ የሚመጣው መኪናውን ከፍ ለማስደረግ ነበር። በየሞላው መሐል ጎማ እያስገባን ከድንጋዩና ከጉድጓዱ እናስመልጥለት ነበር። እናንተ ደግሞ አስፋልት ሲሰጣችሁ መሬት ለመሬት ልትሳቡ ትፈልጋላችሁ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «እናትህን በዚህ ነው የምታመላልሳት?»

ልጁ መልስ አልነበረውም።

*

ጋሼ በዚያን ቀን ያስረዱት ነገር ለማንኛውም መኪና የሚሠራ ስለሆነ በዝርዝር ማየቱ አይከፋም።

ሞላ የተጠመዘዘ ብረት ነው። ጥንካሬው ከብረቱ ውፍረት ሌላ በሥራ ላይ ባሉት ዙሮች ብዛት ይወሰናል፤ ዙሩ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል። ስድስት ዙር ከነበረው ላይ አንድ ተኩሉ ቢቆረጥ አራት ተኩል ይቀራል። ጥንካሬውም በአንድ ሦስተኛ ያድጋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ይመስላል፤ የእሽቅድድም መኪናም ጠንካራ ሞላ አለው ይባላል።

ችግሩ ያለው በቀረው ቦታ ላይ ነው። ጎማ ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ ይጓዛል። ለዚህ ጉዞ የተሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ቦታ ቢኖርና መኪናው አምስቱን ዝቅ ብሎ ቢበላው፣ ለጉብታው የተረፈው ሁለት ብቻ ነው። እንግዲህ ጉዞው ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዶ ሳለ ጥንካሬው የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። ስለዚህ ጎማው ጉብታውን ሳይጨርስ ሞላው ያልቅበታል። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ማብቂያ ጎማ ትመታለች፤ እሷም ስትጨመቅ ብረት ከብረት ይጋጫል። እናቱ ወገቧ ላይ የተሰማት ይኼ ነው።

ወገብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጎማ መንገድ የሚይዘው በረጋ ጭነት ሲጫን ነው። መኪናው በመታጠፊያ ላይ እያለ አንደኛው ማዕዘን ድንገት ሞላው ቢያልቅበት፣ ያ ማዕዘን ባንድ አፍታ ድንጋይ ይሆናል። ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ጎማውም ይለቃል። ደረቅ መንገድ ላይ ነጂው ደንገጥ ብሎ ያልፈው ይሆናል። ዝናብ በጣለበት ቀን ወደ አውራ ጎዳናው በሚያስገባው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን የሚሆነው አይታወቅም። የኤምኤክስ-5 የመጀመሪያው ትውልድ ደግሞ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ይህ የጉዞ ቦታው ጠባብ በመሆኑ የታወቀ ነው። በሌላ መኪና የሚያልፍ ስህተት በእሷ ላይ አያልፍም።

ሌላው አሞርዛተሩ ነው። ሞላ የጉብታውን ጉልበት ያጠራቅማል፤ መልሶ ሲለቀው መኪናው እየዘለለ እንዳይቀር የሚያበርደው አሞርዛተሩ ነው። የልጁ መኪና አሞርዛተሮች ዕድሜያቸው በውል አይታወቅም፤ ለድሮው ለስላሳ ሞላ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ሦስተኛ የጠነከረ ሞላ መግታት አይችሉም። ከዚህም በላይ የተቆረጠው ሞላ በጣም ከማጠሩ የተነሣ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይላቀቃል። ጋሼ በእጃቸው ያዞሩት ለዚህ ነው። ሲመለስ በትክክለኛ ቦታው ላይ ማረፉ የዕድል ጉዳይ ነው፤ የሚያርፍበት ጫፍ በግራይንደር ተቆርጦ ተጥሏል።

«አሁንስ ቢሆን በእሳት አላሞቅሁትም» አለ ልጁ፣ ራሱን ለመከላከል ያህል።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነውን ነገሩት። አንድ ሰው ዲኤክሱን ዝቅ እንዲያደርጉለት ለመናቸው። ሞላውን ሳያወጡ፣ መኪናው ላይ እንዳለ፣ በብየዳ እሳት አሞቁት። ብረቱ ቀላ፤ መኪናው ቁጭ አለ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሰውየው ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። እሳቱ ግን ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ያገኘውን ጥንካሬ አጥፍቶት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ለሁለት የተሰበረ ሞላ በእጁ ይዞ መጣና እየጮኸ ሰደባቸው።

«ስድቡ አልከፋኝም» አሉ ጋሼ። «ተመልሶ መምጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ፣ ደንበኛ ሲያማርር አትፍራ። የሚያስፈራው ተመልሶ ያልመጣው ነው።»

*

ታዲያ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው መኪናውን አያሳምር ማለት ነው? ጋሼ እንዲህ አላሉም። «ብር የሌለው ሰው ምን አለው? ጊዜና ጉልበት አለው። እሱን አውጣ» ነው ያሉት።

በዚህ አባባል ውስጥ አንድ ትልቅ መለያ አለ። መኪና ዝቅ ማድረግ ውስጥ በርካሽ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮችም፣ በርካሽ ሊሠሩ የማይችሉ ነገሮችም አሉ። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ያገለገለ ሞላ መግዛት ይቻላል። ለዚያች መኪና ተለክቶ የተሠራ፣ በሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ የሚያደርግ፣ ያልዛገና ያልተሰነጠቀ ሞላ ከሆነ ከአዲሱ ብዙ አያንስም። ልጁ አራቱን በ140 ዶላር አገኘ። የአሞርዛተሩን የላይኛውን ማሰሪያ ደግሞ ከመኪና መካነ መቃብር፣ ራስህ ፈትተህ ራስህ ተሸክመህ ከምትወጣበት ቦታ፣ በ60 ዶላር አመጣ። ይህች ማሰሪያ ባለሙያዎቹ የሚያውቋት ዘዴ ናት። ከ1999 ሞዴል ጀምሮ የመጣው የሁለተኛው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ማሰሪያ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ይገጥማል፤ አሠራሩም ለአሞርዛተሩ ተጨማሪ የጉዞ ቦታ ይሰጠዋል። መኪናዋ ዝቅ ስትል ያጣችውን ቦታ ከላይ በኩል ይመልስላታል ማለት ነው። ውድ ዕቃ ሳይገዛ፣ ዕውቀት ብቻ የሚያስገኘው ጥቅም ይህን ይመስላል።

በርካሽ የማይሆነው አሞርዛተሩ ነው። ያገለገለ አሞርዛተር ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያለውን ዘይት ማንም አያይም። ልጁ አራት አዳዲስ፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን በ340 ዶላር ገዛ። ማብቂያ ጎማዎቹንም በ40 ዶላር በአዲስ ቀየረ። ብዙዎች ዝቅ ያደረጉት መኪና ሲመታባቸው ይህችን ጎማ በቢላ ቆርጠው ይጥሏታል። ድምፁ ለጊዜው ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን በጎማ ፈንታ የአሞርዛተሩ ሆድ ነው የሚመታው። የመጨረሻው የጎማ አላይመንት ነው፤ 120 ዶላር። መኪና ዝቅ ሲል ጎማዎቹ በላይ በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ የፊታቸው አቅጣጫም ይዛባል። ይህን ሳያስተካክል የሚነዳ ሰው በአላይመንት ያተረፈውን በጎማ ይከፍላል።

ጓደኞቹ «ኮይሎቨር ግዛ» ብለውትም ነበር። ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ሆነው፣ ቁመታቸው በጥርስ እየዞረ የሚስተካከል ዕቃ ነው። ደህናው ደህና ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ርካሹ ግን ሰውን የሚሸነግልበት ነገር አለው፤ እስከፈለጉት ድረስ ዝቅ ይላል። ለወጣት ደግሞ «እስከፈለግህ ድረስ» የሚል ዕቃ መስጠት ፈተና ነው። የሚያስፈልገው የሚያስቆመው ነገር ነበር። ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች አይወርድም።

ድምሩ 700 ዶላር ሆነ። ልጁ የቀረው 588 ነበር። የጎደለውን 112 ዶላር ለመሙላት አንድ ተጨማሪ ሌሊት ሠራ። የመቁረጫ ዲስኩ 12 ዶላር ግን የትም አልገባም፤ ለከንቱ ነው የወጣው። አራቱ የተቆረጡ ሞላዎችም እንዲሁ። ሳይቆረጡ ቢሆን ኖሮ ቢሸጡ ትንሽ ብር ያመጡ ነበር፤ ቢያስፈልግም ተመልሰው ይገጠሙ ነበር። የተቆረጠ ሞላ አይመለስም።

*

ሥራው ቅዳሜና እሑድ ሁለት ቀን ፈጀ። የሰሜን ቨርጂኒያ ክረምት ጨው የሚረጭበት ነው። ጨው ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ቡሎንና ዳዶን አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ዘይት እየነከሩ አሳደሩት። አላይመንት የሚስተካከልባት የታችኛው ክንድ ቡሎን ብቻዋን ግማሽ ቀን በላች። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ ልጁ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን በፍጹም አልተዉለትም። አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጁን እንኳ እንዲያስገባ አልፈቀዱም፤ አራት የብረት ድጋፍ አስቀመጡ። ሁለተኛ፣ ሞላው ሲጨመቅ ፊቱን ከሞላው ትይዩ እንዳያደርግ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ ልጁ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረ። ጋሼ «ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ በእግሯ ትቁም።»

ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በየክንዱ ጫፍ ያለው ጎሚኒ ጎማው ከውስጠኛውም ከውጪኛውም ብረት ጋር የተጣበቀ ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ጎማው ይጠመዘዛል እንጂ አይዞርም። መኪናው ተሰቅሎ፣ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይውላል፤ ተጠምዝዞም ያድራል። ከዓመት በኋላ ይቀደዳል። መፍትሔው ቡሎኖቹን ማላላት፣ መኪናውን በጎማው ማቆም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማነቃነቅ፣ ከዚያ ክብደቷ ላይዋ እንዳለ ማጥበቅ ነው። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሁለት ሰዓት ያህል ግን በጀርባ ተኝቶ በጠባብ ቦታ መሥራትን ይጠይቃል። ልጁ ለሁለት ሰዓት ተኛ።

*

የቨርጂኒያ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው አለው። የቁመት ለውጥ የተደረገበት የቤት መኪና የፓራውልቱ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ14 ኢንች እንዳያንስ፣ ከ22 ኢንችም እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከ36 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ግዛቱ ዓመታዊ የመኪና ምርመራም አለው። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን 14 ኢንች የሚለው ቁጥር ከፍታን ይለካል እንጂ ያ ከፍታ በምን እንደተገኘ አይነግርም። በተቆረጠ ሞላ 15 ኢንች ላይ የቆመ መኪናና በትክክለኛ ሞላ 15 ኢንች ላይ የቆመ መኪና በሜትር ሲለኩ እኩል ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፤ የሚከፍልበት ደግሞ ጎን የተቀመጠው።

አንባቢ «ይህ የአሌክሳንድሪያ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ዲኤክሶች ይሄዳሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ አሁን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ። የሚያኖራቸው ደግሞ የመካኒክ እጅ ነው። ስለዚህ «ምን አለበት፣ ለጊዜው ይሥራ» የሚለው አሠራር የአንድ ባለመኪና የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ለጭነት ተብሎ ባሌስትራ የሚደረብበት መኪና፣ ያረጀ አሞርዛተር ታጥቦ እንደ አዲስ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ተበይዶ የሚመለስ የተሰበረ ክንድ፣ ሁሉም «ቁጠባ» የሚል ስም አላቸው። የተቆጠበው ገንዘብ የማን ነው? የተጨመረው አደጋስ በማን ላይ ነው? ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲያርፉ የራሱ ምርጫ ነው ይባላል። አንዱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሌላው በሌላ ሰው ወገብ ላይ ሲያርፍ ግን ቁጠባ የሚለው ስም አይገባውም።

ድህነት ሰውን ወደ ርካሽ ነገር መግፋቱ እውነት ነው፤ በዚህ ማንም ሊፈረድበት አይገባም። ልጁም 600 ዶላር የነበረው ሠርቶ አደር ነው እንጂ የሚያባክነው አልነበረውም። የሚገርመው ግን ትክክለኛው መንገድ ከመደበው የራቀው በአንድ ሌሊት ደሞዝ ብቻ መሆኑ ነው። ያጣው ብር አልነበረም። ሞላውን ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀው ሰው ነበር ያጣው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁለት ፎቅ ብቻ ዝቅ ብሎ ይኖር ነበር።

*

ማክሰኞ ጠዋት ልጁ መኪናዋን አቁሞ ጠበቀ። ከጎን ሲያዩዋት አሁንም ከድሮዋ ዝቅ ትላለች፤ ጡጫ ያስገባ የነበረው ክፍተት ሁለት ጣት ነው የሚያስገባው። እናቱ መጣች። መኪናዋን አየቻት፣ እሱን አየችው።

«ዛሬ ብቻ ሞክሪያት፣ እማዬ» አላት።

ገባች። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አንደኛው መገጣጠሚያ «ዱብ» አለ። ሁለተኛው «ዱብ» አለ። እሱ መንገዱን ሳይሆን እጇን በዓይኑ ጫፍ ይከታተል ነበር። እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር። ስለ ሥራዋ፣ ስለ እሑዱ የማኅበር ድግስ፣ ጋሼ ስላስቸገሯት ቡና እያወራች ድልድዩን ጨረሱት።

ሆቴሉ በር ላይ አቆመ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችለት፤ ይዞ አስነሣት።

«ተሻሽላለች» አለች ቀሚሷን እያስተካከለች። «ለመውጣት ግን አሁንም እንደ ጉድጓድ ናት።»

«ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ዝቅ ያለችው።»

«እሱን ለጉልበቴ ንገረው» ብላ ሄደች።

የተቆረጡት አራት ሞላዎች ዛሬም ጋሼ በረንዳ ላይ ናቸው። አንዱን የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውበታል።